ከኋላ የተኛው ሰው

«ዝም በሉ፣ መጣች!» አለች አክስት፣ አንገቷን ወደ ወጥ ቤቱ በር ሰገግ አድርጋ።

ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ሴቶቹ መሐረባቸውን እጃቸው ውስጥ ጨብጠው ደበቁ። ደረቷን ስትመታ የነበረችው እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ ግን እጇ የሌላ ሰው ይመስል ምን እንደምታደርገው ጠፋት። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። አክስት ራሷ ሶፋው ላይ ጋደም አለችና ሻሿን ግንባሯ ላይ ሸብ አድርጋ ታቃስት ጀመር።

ልጅቷ ብርጭቆ ውሃ በሁለት እጇ ይዛ ገባች። እንዳይፈስባት ዓይኗን ከብርጭቆው ላይ አልነቀለችም። ሰባት ዓመቷ ነው።

«እትዬ፣ ውሃሽ።»

«ተባረኪ የኔ ልጅ።»

«አሁን ተሻለሽ?»

«ትንሽ... ትንሽ ቀለል ብሎኛል።»

«ቶሎ ዳኚ፣ እሺ? ሰዉ ሁሉ አንቺን ሊጠይቅ እየመጣ ደከመው። አንቺ ስትድኚ አባዬም ይመጣል።»

ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ሳል አስመስላ አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ልጅቷ ዞር ብላ አየቻት።

«አንቺንም አመመሽ?» አለቻት፣ መልስም ሳትጠብቅ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

በሩ ሲዘጋ ለቅሶው ካቆመበት ቀጠለ፤ ግን በሹክሹክታ። በሹክሹክታ የሚለቀስ ለቅሶ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ከጩኸቱ የባሰ አንጀት ይበላል።

ታፔላ ጸሐፊው የቡና ፔርሙዝ በአንድ እጁ፣ ስኒዎች በሌላው ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ሟቹ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ልጅቷ የወንድሙ ልጅ ናት። ወንድሙ የአምቡላንስ ሾፌር ነበር። ከትናንት በስቲያ ቀበሩት። ከቀብር ሲመለሱ አክስት በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አስጠነቀቀች። «ለልጅቷ አንድ ቃል የሚተነፍስ ሰው እንዳይኖር! አባትሽ ሩቅ አገር በሽተኛ ሊያመጣ ሄዷል በሏት። ሰው ለምን ይመጣል ካለች እኔ ታምሜያለሁ። እናቷ ለምን ዓይኗ ቀላ ካለች ጉንፋን ይዟታል። ሕፃን ልጅ ሐዘን ምን ያደርግላታል? ስታድግ ትደርስበታለች።» የሟቹ ሚስት ለመቃወም አቅም አልነበራትም። ታፔላ ጸሐፊው ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ አክስቱን ተከራክሮ አሸንፎ አያውቅም። 

ፔርሙዙን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ወንበር ላይ የተደረደሩት ጎረቤቶች በሁለት በሁለት ሆነው ያወራሉ። ልብስ ሰፊዋ ጀርባዋን ወደ እሱ አድርጋ ነበር።

«መሪ አስያዙት እኮ!» ትላለች። «እንቅልፍ አጥቶ ሲቃዥ የከረመን ሰው!»

«ማን ነው ድኗል ያለው?» አላት አጠገቧ ያለው ሰውዬ።

«ያቺ የሥዕል ሴትዮ ናታ! የሆስፒታሏ። ቀለም ስታስነክረው ከርማ፣ ተሽሎታል ብላ ለቀቀችው። ሥዕል መድኃኒት ሆኖ ያውቃል? እንደዚያማ ቢሆን ይሄ ወንድሙ መቼም አይሞትም ነበር፤ ቀለም ውስጥ አይደል የሚውለው?»

ሰውዬው ሊስቅ ሲል ታፔላ ጸሐፊውን አየና ሳቁን ዋጠው። «ያጥናህ ወንድሜ፣ ያጥናህ» አለና ስኒውን ዘረጋ። ታፔላ ጸሐፊው ቡናውን ቀዳለት። አልተቆጣም። እሱም በሆዱ የሚያስበው ይህንኑ ነበር።

*

ወንድሙ ያለ ቀልድ የማይውል ሰው ነበር። ክርኑን በመስኮት አውጥቶ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ነበር የሚነዳው። ልጁ ስትወለድ ጩኸቷ ከማዋለጃው ክፍል እስከ መኪና ማቆሚያው ስለ ተሰማ «ሳይረን» ብሎ ስም አወጣላት፤ ሰፈሩም በዚያው ጠራት። «በሥራ ቦታ ሳይረን፣ በቤት ሳይረን፤ ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው?» ይል ነበር።

ያ ሰው ነው አንድ ቀን የጠፋው። የተማሪዎች አውቶቡስ ከድልድይ ወንዝ ውስጥ የገባ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ሲያመላልስ ዋለ። የመጀመሪያዎቹን በሳይረን አመጣቸው። ከሰዓት በኋላ ሳይረኑን አጠፋው፤ የሚያጣድፈው ሰው አልነበረማ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሲመጣ መኪናው ውስጥ እንደ ተቀመጠ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆያል። ሚስቱ ወጥታ መስኮቱን ካላንኳኳች አይወርድም። እንቅልፍ ጠላው። ልጁ ስትስቅ ይደነግጣል።

ሐኪሙ መድኃኒትም ሰጠው፣ ወደ ሆስፒታሉ የሥዕል ክፍልም ላከው። ታፔላ ጸሐፊው ይህን ሲሰማ እንደ ስድብ ቆጠረው። ሥዕልማ የእኔ ሥራ ነው፤ ሥዕል ቢያሻው እኔ አለሁለት አይደለም ወይ? አለ በልቡ።

አንድ ቀን ሊወስደው ሄደ። ክፍሉ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ አጠገብ ነው፤ እንፋሎትና የሳሙና ሽታ ይገባል። ትላልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን ጎንበስ ብለው ይቀባሉ። ከመካከላቸው አንዲት ባለ መነጽር ሴት ትዘዋወራለች። የማንንም ሥራ አታደንቅም፤ የማንንም አታርምም። ትቀመጥና «ንገረኝ» ትላለች፤ ከዚያ ትሰማለች። ያ ነው ሥራዋ። ታፔላ ጸሐፊው ደመወዝ ለዚህ ነው እንዴ? ብሎ ገረመው።

የወንድሙ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነበር። ቅርጽ የለው፣ መስመር የለው። በአንደኛው ጠርዝ ቀለሙ ተንጠባጥቦ ወጥቷል። ታፔላ ጸሐፊው የተንጠባጠበ ጠርዝ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ብሩሽ አነሣና ሊያቃናው ጎንበስ ሲል ወንድሙ እጁን ያዘው።

«ጋሼ፣ እጅህን ሰብስብ። እዚህ ቤት የሰው ወረቀት አይነካም።»

«ላስተካክልልህ ብዬ ነው።»

«ይስተካከል አላልኩም እኮ። ይሄ ውሃው ነው። ከሥሩ ያለውን ገና አልሳልኩትም።»

ከሥሩ ምን አለ ብሎ አልጠየቀውም። «በል ተነሣ፣ መሸ» አለው። እየቆየ ግን ወንድሙ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። ቀልዱም መጣ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም መጣ። ማታ ማታ ከልጁ ጋር ወለል ላይ ተኝተው ይስሉ ነበር፤ እሱ የራሱን ወረቀት፣ እሷ የራሷን። ሲጨርሱ «ንገሪኝ» ይላታል፤ ትነግረዋለች። «አንተስ ንገረኝ» ትለዋለች፤ ይነግራታል። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ አንድ ቀን በዝናብ፣ በሽተኛ ጭኖ ሲሮጥ፣ ኩርባ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። በሽተኛው ተረፈ።

*

ስኒዎቹን ሊያጥብ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ስትስል አገኛት። ማንም ስለማያያት እዚያ ነው የምትውለው። ጎንበስ ብሎ አየ።

አምቡላንስ ነው። ጣሪያው ላይ ቀይ መብራት፣ ጎኑ ላይ በር። በመስኮቱ ከኋላ አንድ ሰው ተኝቶ ይታያል፤ እጆቹ ጎንና ጎኑ ላይ ተዘርግተዋል። የፊቱ ወንበር ግን ባዶ ነው።

«አይ አንቺ! ሾፌሩን ረሳሽው» አላት።

 መልስ አልጠበቀም፤ እጁ ቀድሞታል። እርሳሱን ከጣቶቿ መሃል መዘዘ። በአንድ መስመር ክርኑን በመስኮት አወጣ። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ። ጢሙን፣ የአፍንጫውን ጉብታ፣ ሊቀልድ ሲል ከፍ የምትለውን አንዷን ቅንድብ ጨመረ። ሲጨርስ አየው። ወንድሙ ነው። ራሱ ነው። አፈር ከለበሰ ወዲህ ፊቱን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ሊያስታውሰው እየሞከረ እምቢ ብሎት ሰንብቷል።

ልጅቷ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ረዥም ጊዜ አየችው።

«እየነዳ ነው?»

«አዎ።»

«ወደዚህ?»

ምን ይበል? ሳሎኑ ሙሉ ሰው የሚለው ይህንኑ አይደለም?

«አዎ» አለ።

ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። ፊቷ ላይ ያየውን ብርሃን እስኪሞት አይረሳውም። ወረቀቷን ይዛ፣ ባልዲ ጎትታ፣ በሰዎቹ መካከል ሰንጥቃ ወደ ግቢው በር ሮጠች። ባልዲውን በሩ ላይ ደፍታ ተቀመጠችበት፤ ፊቷን ወደ መንገዱ።

«ሳይረን፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት አንዱ።

«አባዬ እየመጣ ነው! ጋሽዬ ነገረኝ!»

 ልብስ ሰፊዋ እንኳ አፏን ያዘች።

ምሳ ወሰዱላት፤ አልበላም አለች። «አብረን ነው የምንበላው» አለች። ሰማዩ ጠቆረ፣ ካፊያ ጀመረ፤ ንቅንቅ አላለችም። መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ሲያልፍ ትቀመጣለች። ታፔላ ጸሐፊው በመስኮት ያያታል። 

*

ባለ መነጽሯ ሴት የመጣችው በዚያ ካፊያ ነው። በሩ ላይ ከልጅቷ ጋር ትንሽ ስታወራ ቆየችና ገባች። ግቢው ሁሉ አወቃት። ወንበር የለቀቀላት ሰው አልነበረም። ታፔላ ጸሐፊው ሄዶ የውሃ በርሜሉ አጠገብ ጠበቃት።

«እንዲያው ለመድረስ ነው የመጣሁት» አለች።

«ደርሰዋል። ይበቃል።»

«በሩ ላይ ያለችው...»

«ልጁ ናት።»

«አባቴ እየመጣ ነው አለችኝ። አጎቴ ሳለው አለችኝ።»

 «ወደዚያ መኪና የመለሱት እርስዎ ነዎት ይላል ሰው!» አላት። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ሁሉም ሰማ።

ዓይኗን አልሰበረችም። «የፈረመው ሐኪሙ ነው። ግን ሐኪሙ እኔን ጠይቆኝ ነበር። ይተኛል፣ ይበላል፣ ይቀልዳል አልኩት። ያልኩት እውነት ነበር። ይበቃ ነበር ወይ ብለው ከጠየቁኝ አላውቅም። ኩርባው ላይ ዓይኑ ምን እንዳየ አላውቅም። ከሰማሁ ጀምሮ ከዚህ ሌላ የማስበው ነገር የለኝም።»

ትከራከረኛለች ብሎ ስንት ቃል አዘጋጅቶ ነበር። የሚገፋው ግድግዳ ሲጠፋ ወደ ፊት የተንገዳገደ መሰለው። ይቅር አላላትም። ግን ከአፉ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«ያቺን ልጅ ምን ላድርጋት?»

«አጠገቧ ይቀመጡ። ሥዕሉን አይንኩት። ንገሪኝ ይበሏት።»

«እርስዎ ይጠይቋት እንጂ! ሥራዎ አይደል?»

«እችላለሁ። ግን ከእኔ ከሰማች እውነቱን ከመንገደኛ ሰማችው ማለት ነው። ቤቷ ውሸታም እንደሆነ ይቀራል።»

ወደ ውስጥ ገባና ልነግራት ነው አለ። አክስት መታመሟን ረስታ ከሶፋው ላይ ዘላ ተነሣች። «እኔ ቆሜ እያለሁ አታደርጋትም! የሕፃን ልብ ልትሰብር ነው? ያቺ መነጽራም አንተንም አስነከረችህ?»

«እትዬ፣ ይበቃል» አለ አንድ ደካማ ድምፅ።

የሟቹ ሚስት መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ግድግዳውን ይዛ ነበር።

«ልጄን አቅፌ ጉንፋን ነው ማለት ሰለቸኝ። ታየኛለች፤ አምናኝ እንዳይመስልሽ። ጋሼ፣ አንተ ንገራት። እኔ አፌን ብከፍት ቃል አይወጣኝም፤ ኡኡታ ነው የሚወጣኝ። ነግረሃት ስትጨርስ አምጣልኝ።»

አክስት አንድ ጊዜ የሟቹን ሚስት፣ አንድ ጊዜ ታፔላ ጸሐፊውን አየች። ሻሿን ከግንባሯ ፈታችና ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው በእርግጥ የታመመች የመሰለችው።

*

«እዚህ ልቀመጥ?»

«መኪና ሲመጣ ትነሣለህ፣ እሺ?»

«እሺ።»

ከባልዲው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቷን እንዳይርስ ፌስታል ውስጥ ከትታ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች።

«ሥዕልሽን... ንገሪኝ» አላት። ቃሉ በአፉ ውስጥ እንደ አዲስ ጫማ አስቸገረው።

ቀና ብላ አየችው። «እንደ አባዬ?»

«እንደ አባዬ።»

አወጣችና በጣቷ ትነካካ ጀመር። «ይሄ መብራቱ ነው፤ ጠፍቷል። ይሄ በሩ ነው፤ ተዘግቷል። ጎማው ሁለት የሆነው ሌሎቹ በዚያ ጎን ስለሆኑ ነው፤ አይታዩም።»

«ከኋላ የተኛውስ ማን ነው?»

ጣቷ ቆመ።

«አሁን አላውቀውም።»

«ቅድምስ?»

«ቅድም አባዬ ነበር።»

ካፊያው ፌስታሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። 

«ሰፊዋ በመስኮት ስታወራ ሰማኋት» አለች ልጅቷ። «የሥራ ጓደኞቹ በአምቡላንስ ጭነው አመጡት፣ ከኋላ ተኝቶ መጣ አለች። ማን እንደነዳ ግን አልተናገረችም። ለዚያ ነው ወንበሩን ባዶ የተውኩት። አልረሳሁም እኮ! አንተ ግን አባዬን ከኋላ አንሥተህ ወደ ፊት አመጣኸው። አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ታውቃለህ ብዬ... እኔ የተሳሳትኩ መሰለኝ።»

አንድ ቃል። «ንገሪኝ» ቢላት ኖሮ ጠረጴዛው ሥር ሁሉንም ትነግረው ነበር። ያቺ ትንሽ ልጅ ብቻዋን፣ ማንም ሳይረዳት፣ አባቷን ከኋላ አስተኝታ በሩን ዘግታበት ነበር። እሱ ነው መልሶ የቀሰቀሰው።

«አልተሳሳትሽም» አላት። «ትክክል ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አባትሽ ሞቷል፣ ሳይረን። የተኛው እሱ ነው። አይመጣም።»

ልጅቷ መንገዱን አየች። አንድ መኪና መጣ፣ አለፈ። አልተነሣችም።

«በሽተኛውስ?»

«በሽተኛው ተረፈ።»

«እትዬስ? አልታመመችም?»

«አልታመመችም።»

«ስንት ውሃ ነው ያመላለስኩት!» አለች። ከዚያ ፊቷን ጉልበቱ ላይ ደፋች። ለቅሶዋ ድምፅ አልነበረውም። ጀርባዋ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። እሱ እጁን ጀርባዋ ላይ ጫነ፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከኋላቸው ግቢው ሙሉ ሰው ቆሟል።

ሲቆይ ቀና አለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ከኪሷ ላጲስ አውጥታ ሰጠችው።

«አጥፋው።»

«ማንን?»

«የሚነዳውን። አንተ ነህ የሳልከው፤ አንተ አጥፋው።»

ባለ መነጽሯ ሥዕሉን አይንኩት ብላዋለች። ወረቀቱ ግን የልጅቷ ነው፤ ያዘዘችውም እሷ ናት። ጭኑ ላይ አስደግፎ ጀመረ። ክርኑን አጠፋ። ባርኔጣውን አጠፋ። በዕድሜው ስንት ታፔላ ፍቆ እንደ ገና ጽፏል፤ እጁ እንዲህ ከብዶት አያውቅም። ጢሙን አጠፋ። ከፍ ያለችው ቅንድብ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። ልጅቷ ትጠብቀዋለች። ቅንድቡንም አጠፋ።

ወንበሩ ባዶ ሆነ። ወረቀቱ ላይ የላጲሱ ፍርፋሪ ጠቁሮ ቀረ።

«እፍ በለው» አለችው ልጅቷ።

እፍ አላለውም። ፍርፋሪውን በትንሿ ጣቱ አንድ በአንድ ወደ መዳፉ ሰበሰበ። የሸሚዙን የደረት ኪስ ከፈተና ከዚያ ውስጥ አራገፈው፤ ቀጥሎም ቁልፉን ቆለፈ።